የአቶ ገነነ እቅፍ

ላንቴ ቀበሌ የምትኖር የቀድሞ ባልደረባዬን ጠይቄ ስመለስ ነው ነገሩ የገጠመኝ። ሚያዝያ ነበር። ደመናው ወርዶ የማንጎዎቹ አናት ላይ ተኝቷል፤ እኔም ወደ አርባ ምንጭ የሚመልሰኝ መኪና አጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆሜያለሁ። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መንገድ ዳር መቆም አይሰለቸኝም፤ ሰው የሚያወራውን ሰምቼ እገባለሁ። የዚያን ቀን ግን ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ሙዝ የጫነች ነጭ ፒካፕ አልፋኝ ሄደችና ቆመች፤ ወደ ኋላም ተመለሰች። የወረዱት አቶ ገነነ ናቸው። የገበሬዎች ማኅበር የሙዝ መሰብሰቢያ ኃላፊ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌም ናቸው። ልጆቻቸውን ስላስተማርኩ ከጥንት ጀምሮ እንዋደዳለን። ከሩቅ እጃቸውን ዘርግተው መጥተው አንገቴን አቀፉ፣ ትከሻዬን መቱ፣ ከዚያም እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። አቶ ገነነ ሰላም ሲሉ እንዲህ ናቸው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ መሃል ከእሳቸው ጋር የሚሄድ ሰው ስንት ሰዓት ቤቱ እንደሚደርስ አይታወቅም።

«መምህርት፣ ምነው ዝናብ ሲመጣ እያዩ እዚህ ቆሙ? ይግቡ እንጂ» አሉኝ።

ልገባ ስል ከኋላ፣ ጭነቱ ላይ፣ አንዲት ወጣት በሙዝ ሳጥኖቹ መካከል ተቀምጣ አየሁ። ጃኬቷን ራሷ ላይ ጥላለች። መኪናውን የሚነዱት አቶ ገነነ ራሳቸው ናቸው፤ ጋቢናው ደግሞ ለሦስት ሰው ይበቃል።

«ልጅቷ ለምን እዚህ አትገባም?» አልኳቸው።

«እምቢ ብላኝ ነው። አቢጋኤል ትባላለች፤ የጥራት ተቆጣጣሪያችን ናት። ዲግሪ አላት። ኩራቷ ግን ከዲግሪዋ ይበልጣል።»

እንዲህ ዓይነት አነጋገር አልወድም። አንዲት ሴት ከሙዝ ጋር መቀመጥን ከመረጠች ከኩራት ሌላ ምክንያት ይኖራታል ብዬ አሰብኩ። ግን የሰው መኪና ላይ ገና መውጣቴ ነውና ምላሴን ያዝኩ።

ብዙም ሳንሄድ ቆምን። ላይ፣ ደጋው ላይ፣ ዘንቦ ኖሯል፤ ወንዙ ሞልቶ አስፋልቱን አቋርጦ ይፈስሳል። ከፊታችን የጭነት መኪኖችና ባጃጆች ተሰልፈዋል። ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ብቻ ነው። ይህን ስንል ዝናቡ እኛም ላይ ወረደ። ወርጄ «ነይ ግቢ፣ ልጄ፤ ትታመሚያለሽ» አልኳት። ወደ በሩ መጣችና በጆሮዬ «እርስዎ መሃል ይሁኑልኝ» አለችኝ። እኔ መሃል ሆንኩ፤ እሷ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች።

አቶ ገነነ ዝምታ አይችሉም።

«መምህርት፣ እርስዎ ይፍረዱን» አሉ። «ይህቺ ልጅ ዛሬ ጠዋት ሥራ እለቃለሁ አለችኝ። የሙከራ ጊዜዋ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ቋሚ ልትሆን ነው። እናቷ ዶርዜ ብቻቸውን ናቸው፤ ሁለቱን ታናናሾቿን የምታስተምረው እሷ ናት። ሌላ ሥራ አግኝተሽ ነው ወይ ስላት አላገኘሁም ትላለች። ማን በደለሽ ስላት ምንም አይደለም ትላለች። እኔ እንደ ልጄ ነው የማያት። እግዚአብሔር ያውቃል።»

ዕድሜዬን በሙሉ ሴት ልጆች ወደ መሬት እያዩ «ምንም አይደለም» ሲሉኝ ሰምቻለሁ። አንድም ቀን ምንም ሳይሆን ቀርቶ አያውቅም። ስለዚህ ወደ አቢጋኤል ዞሬ፣ «መንገዱ ተዘግቷል፤ ጊዜ አለን። መናገር ከፈለግሽ እሰማሻለሁ» አልኳት።

«እትዬ፣ ከለቀቅሁ ወዲያ የምፈራው የለኝም» አለች። «ጋሽ ገነነ ካልተቀየሙኝ እናገራለሁ።»

«ተናገሪ። እኔ መቀየም አላውቅም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ከወዲሁ ተቀይሟል።

«ጠዋት ሥራ ከመጀመራችን በፊት ክብ ሠርተን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጸልያለን። ጸሎቱን እወደዋለሁ። ሲያልቅ፣ ጋሽ ገነነ፣ እርስዎ ሁላችንንም በየተራ ያቅፋሉ። እጅዎ ጀርባዬ ላይ ይቆያል። ሚዛኑ ጋ ስሠራ ከኋላዬ ይመጡና ሁለት ትከሻዬን ይዘው ወደ ጎን ያዞሩኛል። ሲያናግሩኝ የእጄን አንጓ ይይዛሉ። መኪና ውስጥ ጨዋታ ካማረዎት ጭኔን መታ መታ ያደርጋሉ። ዛሬ ኋላ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።»

አቶ ገነነ ፊታቸው ጠቆረ። መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ «ጌታ ልቤን ያውቃል» አሉ። «በዚህ ሽበቴ እንዲህ ዓይነት ስም ሊወጣልኝ ነው?»

«ልብዎን እኔም አውቀዋለሁ» አለች አቢጋኤል። «በክፉ አስበው ነኩኝ አላልኩም። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ሄጄ እከስ ነበር። የተቸገርኩት ደግ ሰው ስለሆኑ ነው። ደግ ሰውን ምን ብዬ ልክሰሰው?»

እዚህ ላይ ጣልቃ ልገባ ፈልጌ ተውኩት። ልጅቷ የእኔን እርዳታ የምትፈልግ አልመሰለኝም።

«ደግ ከሆንኩ ታዲያ ምን አስከፋሽ?» አሉ አቶ ገነነ። «እኔ ወንዱንም ሴቱንም ነው የማቅፈው። ለአንቺ ለብቻሽ ያደረግሁት ነገር የለም።»

«ስለ ወንዶቹ እነሱ ይናገሩ። እኔ የምናገረው ስለ ራሴ ገላ ነው።»

«እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝስ? ትስሚኝ የለም ወይ? አንገቴን አቅፈሽ ትስሚኝ የለም ወይ?»

«እስምዎታለሁ። እሁድ ወድጄ ነው የምስምዎት። ያልፈለግሁ ቀን በሌላው በር መውጣት እችላለሁ፤ ማንም ምን ሆነሽ አይለኝም። እሁድ እርስዎ ሽማግሌያችን ነዎት። ሰኞ ግን የሙከራ ጊዜዬን የሚፈርሙልኝ ሰው ነዎት። እጅዎን ከትከሻዬ ባነሳው ምን እንደሚያስቡ አላውቅም። ያንን ሳላውቅ ደግሞ የታናናሾቼን ትምህርት መያዣ ማድረግ አልችልም። ስለዚህ ዝም እላለሁ። ዝም ስል ደግሞ የወደድኩት ይመስልዎታል።»

ይህን ስትል እኔ በሆዴ፣ ስንት አለቃ ይህን ሳያውቅ ጡረታ ወጣ አልኩ። ሰው እምቢ ማለት በማይችልበት ቦታ እሺ ማለቱ ዋጋ የለውም። አለቃ የሆነ ሰው ፊቱ የሚያየው ፈገግታ ሁሉ የእሱ መወደድ ይመስለዋል፤ የደመወዙ ፍርሃት ከፈገግታው ኋላ እንዳለ አይታየውም። አቶ ገነነ ክፉ ሰው ቢሆኑ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩትም ነበር። የክፉ ሰው ነገር ለፖሊስ ነው። መልካሞቹ ናቸው ምክር የሚያስፈልጋቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ፣ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አፍ የለሽም?»

«ነግሬዎታለሁ፣ ጋሼ። በአፌ አይደለም እንጂ። በመጀመሪያ ሲመጡ ባዶ ሳጥን አቅፌ መቆም ጀመርኩ። ሳጥኑን ተቀብለውኝ አስቀምጠው አቀፉኝ። ቀጥሎ ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል ሽንት ቤት መሄድ ጀመርኩ። ቆይተው ጠበቁኝ። በመጨረሻ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ መግባት ጀመርኩ። ያን ጊዜ ምን ተባለ?»

አቶ ገነነ መስኮቱን አዩ። የዝናቡ ውሃ መስታወቱ ላይ ይወርዳል።

«ምን ተባለ፣ አቶ ገነነ?» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ጸሎት ጠላች ተባለ» አሉ።

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት» አሉ። «ለጉባኤ ከዶርዜ ሲወርዱ ለእናቷም ነግሬአቸዋለሁ። ልጅዎን ይምከሯት፣ ከጸሎት እየሸሸች ነው አልኳቸው። ለነፍሷ ብዬ ነው።»

«እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትጾምልኛለች» አለች አቢጋኤል። «ስደውልላት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ጌታን ትተሽው ይሆን ብላ ነው። አልተውኩትም እላታለሁ፤ አታምነኝም። ሽማግሌው ነግረዋታላ። ሥራውንማ ብለቅ ሌላ እፈልጋለሁ። ይሄኛው ነው ያንገበገበኝ።»

ልጅቷ ያደረገችው ሁሉ አንድን እጅ መሸሽ ነበር፤ እኛ አገር ደግሞ ሰው ከሰው ሸሸ ከማለት ከእግዚአብሔር ሸሸ ማለት ይቀለናል። ምዘናዋ ላይ ሥነ ምግባር የሚለው ቦታ ዝቅ ብሎ እንደተሞላ ኋላ አቶ ገነነ ራሳቸው ነገሩኝ። በማርፈዷ ሳይሆን በጸሎቷ መዝነዋት ኖሯል።

እሳቸው ግን ገና አልተረቱም። ሰው ለብዙ ዘመን ፍቅር ነው ብሎ ያደረገውን ነገር በአንድ ከሰዓት አይተውም።

«እሺ፤ ባንቺ ላይ ተሳስቻለሁ እንበል» አሉ። «አንቺ ተምረሻል፤ ከተማ ኖረሻል፤ ይህን ነገር ከዚያ አምጥተሽው ይሆናል። ሌሎቹ ሴቶች ግን እንዳንቺ አይደሉም። ከአንቺ በፊት ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። አገርነሽን ተመልከቺ። ገና ስገባ እየሳቀች ነው የምትቀበለኝ።»

አገርነሽ ሙዝ ከሚያጥቡት ሴቶች ትልቋ ናት። አቢጋኤል ስሟን ስትሰማ ወደ እኔ ዞረች፤ ልናገር ወይስ ልተው የምትል ትመስላለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ጋሼ። ግን አገርነሽን በዚህ እንዳይናገሯት ቃል ይግቡልኝ።»

«ቃሌ ነው።»

«እርስዎ ሲገቡ እጇ የት ነው?»

«ገንዳው ውስጥ ነዋ። ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናት። በስብሰባ እንኳ አመስግኛታለሁ፤ እንደ አገርነሽ ንጹሕ ሠራተኛ ሁኑ ብያለሁ። እስከ ክርኗ ሳሙና በሳሙና ሆና ነው የማገኛት።»

«ሙዝ ያን ያህል ሳሙና ይፈልጋል?»

አቶ ገነነ ወደ እሷ ዞሩ።

«አይፈልግም» አለች። «የመኪናዎ ድምፅ ሲሰማ ነው እጇን እስከ ክርኗ የምትነክረው። ሸሚዝዎ እንዳይበላሽ ብለው አይነኳትም። ከእሷ ሌሎቹም ተምረዋል። አዲስ ሠራተኛ ስትገባ መጀመሪያ የሚያሳዩዋት ይህንን ነው። እኔ ሥራዬ ሚዛን ላይ ስለሆነ ሳሙና የለኝም።»

አቶ ገነነ ክው አሉ። ከፊታችን ካለው ጭነት መኪና ሾፌሩ ወርዶ ውሃውን አይቶ ተመለሰ።

«ይስቃሉ እኮ» አሉ በመጨረሻ። «ስመጣ ይስቃሉ።»

«ይስቃሉ። ምን ያድርጉ?»

እኝህን ሰው ብዙ ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ ለቅሶ ላይ ሌላውን ሲያጽናኑ እንጂ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም። ዓይናቸው ሞላ። «እኔ እኮ የሚወዱኝ መስሎኝ ነው» አሉ። እውነቱን ለመናገር ልጅቷ ይህን ባትነግራቸው ኖሮ ብዬ ለአፍታ ተመኘሁ። ከዚያ እነዚያን ሴቶች አሰብኩ፤ መኪና በመጣ ቁጥር እጃቸውን ውሃ ውስጥ ሲደብቁ። ምኞቴን መለስኩት።

«እንግዲህ ምን እንሁን?» አሉ አቶ ገነነ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው። «ተራርቀን እንኑር? የእኛ ሰው ተቃቅፎ ነው የኖረው። ልጁ የሞተበትንም ሰው ከሩቅ እጅ ነስቼው ልለፍ? ሰው እንደ ቢሮ ወረቀት ሊደርቅ ነው?»

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የብዙዎቻችንም ፍርሃት ይኸው ነው። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አቶ ገነነ፣ ሰው ግቢ ሲሄዱ ምን ያደርጋሉ?»

«ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ቤቶች እላለሁ።»

«የወንድምዎ ግቢ ቢሆንስ? በሩ ክፍት ቢሆንስ?»

«ቢሆንም እጣራለሁ። ውስጥ ምን ላይ እንዳሉ በምን አውቃለሁ?»

«ካልወደዱት ሰው ቤት ነው እንዴ የሚጣሩት?»

«የለም፤ ማክበር ነው እንጂ» አሉ፤ አሉና ወደ የት እየወሰድኳቸው እንደሆነ ገባቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቢጋኤል ከእኔ ተቀብላ ቀጠለች። «ማቀፍ ይቅር አላልኩም፣ ጋሼ። ለቅሶ ላይማ ማን ይከለክላል? ሰው ራሱ ነው ደረትዎ ላይ የሚወድቀው። ሥራ ላይ ግን እጅዎን ለሰላምታ ዘርግተው ይቁሙ፤ የፈለገ ይመጣል፤ ያልፈለገ ከሩቅ እንዴት አደሩ ይላል። መጥቶ ላቀፈዎትም እጅዎ አይቆይ። ሚዛኑ ጋ መቆም ሲፈልጉ አቢጋኤል ዞር በይልኝ ይበሉ፤ እዞራለሁ። ስም አለኝ፤ ጆሮም አለኝ። ሲያናግሩኝ ደግሞ ሳይዙኝም እሰማለሁ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ይህን ብቻ ነበር የፈለግሽው?» አሉ፤ ግራ ገብቷቸው። «እኔ እኮ ወይ ደመወዝ አንሷት ነው ወይ ንቃኝ ነው ብዬ ስንት ቀን ተጨነቅሁ።»

«ይህን ብቻ ነበር። አሁን ግን የእናቴ ነገር ተጨምሮበታል።»

ውሃው ጎደለ። መኪኖቹ አንድ በአንድ መሻገር ጀመሩ፤ እኛም ተሻገርን። ሴቻ ሰፈር፣ ቤቴ በር ላይ ሲያወርዱኝ አቶ ገነነ እንደ ልማዳቸው ሊያቅፉኝ እጃቸውን ዘረጉና መሃል ላይ ቆሙ። «እኔን ይቀፉኝ፤ እኔ አሮጊት ነኝ፣ ደግሞም የእርስዎ ሠራተኛ አይደለሁም» አልኳቸው። ሳቅን።

ማግስቱን ጠዋት የሆነውን የነገረችኝ ገበያ ላይ ያገኘኋት አገርነሽ ናት። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ አቶ ገነነ እጃቸውን ኋላቸው አጣምረው ቆሙ አለችኝ። ሁሉም የሚሞት ሰው ያየ ያህል ደነገጠ። እሳቸውም፣ «እኔ በማቀፌ የከፋው ሰው አለ። ለመክፋቱም ምክንያት አለው። ከዛሬ ጀምሮ ሰላምታዬን የፈለገ ይቀበለኝ፤ ያልፈለገን አልጠይቀውም፤ በዚህም ማንም ሥራው አይነካበትም። አቢጋኤል ጸሎት ጠላች ያልኩት ውሸት ነው። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ» አሉ። ሽማግሌ ሆኖ ይህን በሠራተኛ ፊት መናገር ቀላል አይደለም።

ዘካሪያስ የሚባለው ጫኝ፣ ደረቱ እንደ በር ሰፊ የሆነው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «ጋሼ፣ ከተነሳ አይቀር፣ እኔንም ትከሻዬን መምታቱን ቢተዉልኝ። ሳጥን የምሸከምበት ነው፤ ያመኛል» አለ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አገርነሽ እንዳለችው አቶ ገነነም ሳቁ፤ ቆይተው ግን «ስንት ጊዜ መታሁህ?» ብለው ጠየቁት፤ እሱም «ተዉት አሁን» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ራሴ ሄጄ አይቻለሁ። ድሮ አቶ ገነነ ሲገቡ ሰው ሁሉ እየሳቀ አንድ ሥራ ፈልጎ ይጠመድበት ነበር። አሁን ወደ እሳቸው ይመጣል። የገንዳው ቧንቧ ውሃ እንደሚያፈስ፣ የአንዱ ገበሬ ሙዝ ሁልጊዜ ተጨፍልቆ እንደሚመጣ፣ ሚዛኑ እርጥበት ሲነካው እንደሚያሳስት፣ ሴቶቹ ይህን ሁሉ ከድሮ ያውቁት ነበር፤ ለመናገር ሲጠጉ የሚገጥማቸውን ፈርተው ነው ያልተናገሩት። አለቃ እጁን ሲሰበስብ የሠራተኛው አፍ ይከፈታል። ፍቅሩም አልደረቀም። ጠዋት ራሳቸው ሄደው የሚያቅፏቸው አሉ፤ ከሩቅ እጅ የሚነሷቸው አሉ፤ እሳቸው ለሁለቱም እኩል ደስ ይላቸዋል። ይህ የፈረንጅ ሥርዓት አይደለም፤ ከአጥር ውጭ ቆመን የምናደርገውን ሰው ላይ ማድረግ ነው።

የእናቲቱ ነገር ግን ገና ቀርቶ ነበር። በዚያው ሳምንት እሁድ አቶ ገነነ ደውለው፣ «ዶርዜ ልወጣ ነው፤ እርስዎ ካልመጡልኝ አልችለውም» አሉኝ። አቢጋኤልን ይዘን ወጣን። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ መንገዱን ሁሉ ዝም ብላ ሄደች፤ በሥራው ትቀጥል እንደሆነ አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

እናቷ ወይዘሮ አገኘሽ ጥጥ እየፈተሉ አገኘናቸው። ሽማግሌ ከከተማ ሲመጣ ደንግጠው ተነሡ። አቶ ገነነ ገና ሳይቀመጡ፣ «እህት አገኘሽ፣ ስለ ልጅዎ የነገርኩዎት ትክክል አልነበረም» አሉ። «ጸሎት አልጠላችም። የሸሸችው የእኔን እጅ ነው። ሳልጠይቃት እነካት ነበር፤ እሷ ሸሸች፤ እኔ በእግዚአብሔር አሳበብኩ። ይቅር በሉኝ» ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

ወይዘሮ አገኘሽ ያዩት አቶ ገነነን ሳይሆን ልጃቸውን ነው።

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽ ነበር፣ እማዬ» አለች አቢጋኤል። «ሥራ እንደጀመርኩ ነግሬሽ ነበር። ሽማግሌ ነው፣ እንደ አባትሽ ነው፣ ቻይው አልሽኝ።»

እናትየው እንዝርቱን አስቀመጡ። «ብዬሻለሁ» አሉ። «እኔንም እናቴ እንዲሁ ብላኛለች።» ቀና አሉ። «ከእንግዲህ ቻይው አልልሽም። መልቀቁንም መቆየቱንም አንቺ ታውቂዋለሽ።»

አቢጋኤል ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ወደ አቶ ገነነ ዞራ፣ «ሰኞ እገባለሁ» አለች። «ለጸሎቱም እደርሳለሁ።»

አቶ ገነነ ከተቀመጡበት አልተነሡም። «እግዚአብሔር ይባርክሽ» አሏት፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ።